ወደ እስያ ስለሚሄድ ተማሪ፦ አመዳደቡ፣ ሻንጣውና ሰዓቱ

በነቀምቴና በጉቶ ጊዳ ስላለው ነገር ሁሉ ብዙ ተጽፏል። ስለ ኩምሳ ሞሮዳ ግቢ ተጽፏል፤ ስለ ኦነሲሞስ ነሲብና ስለ ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሱ ተጽፏል፤ ስለ አንጮቴ ሥር እንኳ ሊቃውንት ደክመዋል። ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ወደ እስያ ሄዶ ስለሚመለስ ተማሪ ግን አንድ መስመር የጻፈ የለም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከተማው ተማሪ በዝቶበታል፤ የሰፈራችን ልጆችም ከዚህም ከሌላውም ዩኒቨርሲቲ እየተነሡ ባሕር መሻገር ይዘዋል። ይህን ክፍተት ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው ብለን ተነሥተናል።

የጥናቱ ዘዴ ጎረቤት መሆን ነው። መረጃው የተሰበሰበው ቡና ላይ ሲሆን፣ በበረካ የተገኘው በአቦል ከተገኘው ይልቅ የታመነ ሆኖ ተገኝቷል። በአቦል ላይ ሁሉም ልጅ ጎበዝ ነው።

የመጀመሪያው አመዳደብ በአገር ነው፤ ብዙ አያቆየንም። ህንድ የሄደ እንደ ተጓዥ አይቆጠርም፤ ህንድ ቀድማ እኛ ዘንድ መጥታለችና። አባቶቻችን ሂሳብ የተማሩት ከህንድ መምህራን ነው፤ የዛሬ ዶክተሮቻችንም ብዙዎቹ ማዕረጋቸውን ያመጡት ከአንድራ ዩኒቨርሲቲና ከመሰሎቹ ነው። ቻይና የሄደ ተማሪ አይባልም፤ አስመጪ ነው። ገና ቪዛው ሳይመታ የስልክ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ጃፓን የሄደ በናሙናው ውስጥ አልተገኘም።

ኮሪያ የሄደ ግን ሌላ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ቡሳን ወደብ ከወረደ ወዲህ ኮሪያ ለኛ ሽማግሌዎች የውጭ አገር ሳትሆን ግንባር ናት። አንድ አዛውንት፣ የጎረቤት ልጅ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ሴኡል እንደሚሄድ ሲነገራቸው፣ «ጦርነቱ አላለቀም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ሲመረመር ግን በ1945 ዓ.ም. የተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት ብቻ ነው፤ የሰላም ውል እስከ ዛሬ አልተፈረመም። ሳቁ ከመዝገብ ተሰርዟል።

ሁለተኛው አመዳደብ በደረጃ ነው። በቁጥር የሚበልጠው ዝርያ ገና ያልሄደው ነው። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላል። መለያው ከብብቱ የማይጠፋ የፕላስቲክ ፋይል ሲሆን፣ ውስጡ የፓስፖርት ኮፒ፣ ትራንስክሪፕት፣ ባለ ነጭ መደብ ጉርድ ፎቶና ማኅተሙ የደበዘዘ አንድ ደብዳቤ አለ። ያቺን ማኅተም ለማስደመቅ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ በባኮ፣ በጌዶ፣ በአምቦ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል። የአንዳንዱ ምልልስ ቢደመር ሴኡል ባያደርሰው እንኳ ህንድን ያሳልፈዋል። ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው በሰፈር ውስጥ ልዩ መብት አለው፦ ዕዳ አይጠየቅም፣ ሥራ ፈልግ አይባልም፣ ሚዜ አይደረግም። ድንገት ቢሄድስ? ከዚህ ደረጃ ሳይወጡ ልጅ ያደረሱ አሉ።

ሦስተኛው አመዳደብ በሻንጣ ነው። የጥናቱ እምብርት ይህ ነው።

አየር መንገዳችን ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በኛ አካባቢ ይህ ቁጥር እንደ ገደብ ሳይሆን እንደ መነሻ ሐሳብ ነው የሚታየው። ሻንጣው በሦስት ወገን ይሞላል፦ በተማሪው፣ በእናቱና በአደራ። የተማሪው ድርሻ የሚለካው ሁለቱ ከጨረሱ በኋላ በሚተርፈው ጥግ ነው።

አደራ ራሱ በብዙ ይከፈላል። አድራሻው የታወቀ አደራ አለ፤ አድራሻው «ሲደርስ ይደውልልሃል» የሆነ አለ፤ ባለቤቱ መላኩን እንኳ የማያውቅ አለ። ልጃቸው ዱባይ የሚሠራ አንዲት እናት፣ ወደ ሴኡል ለሚሄደው ልጅ አንድ ኪሎ በርበሬ ይዘው መጡ። ዱባይና ሴኡል አይገናኙም ተባሉ። «እስያ አይደለም እንዴ የሚሄደው? ዱባይም እስያ ናት» አሉ። ካርታ ወጥቶ ታየ። ናት። በርበሬው ገባ።

ከዚህ በኋላ ሻንጣው መመዘን አለበት። የሰው ሚዛን በየቤቱ ስለሌለ ቡና ገዢው ዘንድ ይወሰድና ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚዛኑ 23 ይላል፤ እናት «ተመስገን» ትላለች፤ ተሸክመው ይመለሳሉ። ይኸው ሻንጣ ቦሌ ሲደርስ 27 ይሆናል። በመንገድ የተጨመረበት ነገር የለም፤ ዚፑም አልተከፈተም። የገዢው ሚዛን የመጣለትን ነገር ሁሉ እንደ ልማዱ ጥቂት ቀንሶ ያነባል። ገበሬው ይህን ሲጠረጥር ኖሯል፤ ማረጋገጫው የመጣው ግን ከኤርፖርት ነው።

ቦሌ ወለል ላይ ሻንጣ ሲከፈት የሚወጣው ነገር ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ መጽሐፍ ይወጣል፤ ማንም አይከራከርም። ቀጥሎ ጃኬቱ ወጥቶ ይለበሳል፤ በላዩ ሁለተኛው ይደረባል። ነሐሴ ነው፤ ልጁ ያልበዋል። ሦስተኛ ጫማ ይወጣል። ጭኮው አይነካም።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ጭኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ስንቅ ነው። ቶሎ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ጥቂቱ ያጠግባል። እናት ጭኮውን ክዳን ባለው ዕቃ ትጠቀጥቀዋለች፤ ክዳኑን በፕላስተር ትዞረዋለች፤ በፌስታል ታስረዋለች፤ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ታስረዋለች፤ በፎጣ ጠቅልላ መሐል ላይ ታስቀምጠዋለች። ፓስፖርቱ ይህን ያህል አልተጠበቀም። ቅቤው ግን መውጫ አያጣም። የሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት የክፍል ጓደኞቹ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት የሹራቡን ሽታ ነው።

ጭኮ በዓለም አቀፍ ሕግ ዘንድ ያለው ስፍራ ገና አልተወሰነም። ኮሪያ ሥጋና የሥጋ ውጤት ያለ ኳራንቲን ሰርተፊኬት አታስገባም፤ ወተት ነክ የሆነውንም ትመረምራለች። ቋንጣ እዚህ ላይ ከጥናቱ ይሰናበታል። ጭኮ ግን እህል ነው ወይስ ወተት? አንደኛው ወገን «በዱቄቱ ይጠራ» ይላል፤ ሌላው «በቅቤው»። አንዲት ተማሪ፣ በሐቀኝነቷ ሰፈሩ የሚያውቃት፣ ዕቃውን ራሷ አስመዘገበች። ፈታሹ ፈትቶ፣ ፈትቶ፣ ፈትቶ ደረሰበት። አሸተተ። ባልደረባውን ጠራ፤ እሱም አሸተተ። ሦስተኛዋ ስትመጣ በጣቷ ነካ አድርጋ «ፊት የሚቀቡት ነው?» ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ አዎ ማለት ይበቃ ነበር። ልጅቷ ግን የሚበላ ነው አለች፤ ጭኮው ቀረ። ማታ እናቷ ደወሉ።

«ጭኮው ደረሰ?»

«ደርሷል፣ እማዬ።»

«ቀመሱት?»

«ሦስት ሰው አሽትቶታል።»

እናት ደስ አላቸው። ውሸት የተባለ ነገር የለም።

አራተኛው አመዳደብ በሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ ኮሪያ የሄደውን የሚስተካከለው የለም። ሴኡል ከኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ስለዚህ በሐበሻ የተሞላ የእጅ ሰዓት ሴኡል ሲደርስ መነካት የለበትም፦ ነቀምቴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሴኡል ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ነው። ቻይና የሄደ አንድ ሰዓት ይጎድልበታል፤ ህንድ የሄደ በግማሽ ሰዓት ይምታታበታል። ይህን ጸጋ የፊዚክስ መምህራን በዝምታ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ጸጋው ግን መዘዝ አለው። እናት «እዚህ ሦስት ሰዓት ነው፤ እዚያስ?» ትላለች። ልጅ «እዚህም ሦስት» ይላል። እናት ከዚህ በመነሣት ኮሪያ ሩቅ አለመሆኗን ትደመድማለች፤ ነጆ አካባቢ መሆን አለባት። ማታም ራት ተበልቶ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ በሦስት ሰዓት ትደውላለች። ሴኡል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው በኛ፤ በነሱ አፍ ግን ያው ሦስት ነው። «በሦስት ሰዓት ትተኛለህ? ትምህርቱ እንዲህ ነው?» ስለ ምድር ክብነት ሊያስረዳ የሞከረ አለ፤ «ድምፅህ ደክሟል፣ ጭኮ ብላ» ተብሏል።

አምስተኛው አመዳደብ ስለ ተመላሹ ሊሆን ነበር። ተመላሹ ዕቃ በሁለት እጁ ይሰጣል፤ ታላቅ ሲገባ ይነሣል፤ ለትልቅ ሰው ጎንበስ ይላል። ከየት ተማርከው ሲሉት «ኮሪያ» ይላል። አያቱ ይህን የሰሙ ቀን ከዘራቸውን ፈልገው ነበር። ካፌ ገብቶም አሜሪካኖ በበረዶ ያዛል፤ ኮሪያውያን በብርዱ ወር እንኳ የሚጠጡት ይህን ነውና። አስተናጋጇ ቡናውንና በረዶውን ለየብቻ አምጥታለታለች። በዘርፉ አሥራ አንድ ንዑስ ክፍሎች ተዘጋጅተው ነበር፤ ይቅሩ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም የሚያወሩት ስለ ኪምቺ ነው።

ከምድብ ውጭ የቀረ አንድ ጉዳይ ግን አለ። ከሄዱት አንዱ አባቱ ጉቶ ጊዳ ቡና አላቸው። ልጁ ሴኡል ውስጥ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገብቶ መደርደሪያው ላይ የከተማውን ስም አየ፦ የወለጋው ቡና በዓለም ገበያ ነቀምቴን ተከትሎ «ለቀምቲ» በሚል ስም ነው የሚሸጠው። ፎቶ አንሥቶ ላከላቸው፤ የአንዷን ሲኒ ዋጋም ወደ ብር መልሶ ጻፈላቸው። አባት መልሰው ደወሉ። ስለ ትምህርቱ አልጠየቁም።

«ያንን ማሸጊያ ይዘህልኝ ና» አሉ።

ይዞ መጣ። አባት ታኅሣሥ ላይ፣ ቡናቸው ሚዛን ላይ ሳለ፣ ማሸጊያውን ከኪሳቸው አውጥተው ለገዢው አሳዩት። ዋጋውንም ነገሩት። ገዢው ተቀብሎ አገላበጠው፤ ከውስጥ አየው፤ ዚፑን ከፈት ዘጋ አደረገ።

«ኦቦ፣ የተወደደው ፌስታሉ ነው» አለና ጆንያውን መዘነ።