ሞተር አይንበረከክም

«ለእኔና ለልጄ መቶ ሃምሳ ሲሲውን ቦክሰር ሞተር ገዝተን በየተራ እንማርበታለን» አለ አንድ የባቲ አባት። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አባትየውም ቢሆን ባጃጅ ተሳፍሮ እንጂ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

በየተራ መማሩስ ይሁን፤ በየተራ መውደቁን ማን ይከፍላል?

«ሲያድግ ይደርስበታል።»

ያድጋል፣ ኢንሻአላህ። የሚወድቀው ግን ዛሬ ባለው ቁመቱ ነው።

ይህን ለባቲ ሰው መንገር አልነበረብኝም። ሰኞ ገበያ ላይ ከአፋር ቆላ የወጣ ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሱን ከፍቶ ያያል፤ ያስነሳል፣ ያስተኛል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል፣ እግሩን ይዳብሳል። ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያው ሰው ሞተር ሊገዛ ሲሄድ ቀለሙን አይቶ «ስንት ነው?» ይላል። ግመል እኮ የቱንም ያህል ቢረዝም ተንበርክኮ ይቀበልሃል። ሞተር አይንበረከክም። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩ መሬት ካልረገጠ ገና ሳይንቀሳቀስ ይዞት ይወድቃል፤ ቦክሰሩ ደግሞ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገባ ልጅህን ይዘህ ግባ። አስቀምጠው። ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ይንኩ። ካልነኩ ሻጩ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢቀንስልህ ውጣ።

«በትንሽ ሞተር የለመደ ልጅ ወንድ አይሆንም።»

ሞተር የሚሠሩት ጃፓኖች ግን ለልጅ ለብቻው ሠርተዋል። የያማሃው ፒደብልዩ 50 ከአርባ ዓመት በላይ የልጆች መጀመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ማርሽ የለውም፤ ኮርቻው ከመሬት ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ ነዳጅ መስጫው ላይ ደግሞ ወላጅ በብሎን የሚገድበው ቦታ አለው፣ ልጁ ምንም ያህል ቢጠመዝዝ ከተፈቀደለት አያልፍም። ቀጥሎ የሆንዳው ሲአርኤፍ 50 ይመጣል፤ ሦስት ማርሽ አለው፣ በእጅ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን ግን የለውም። ልጁ ሲረዝም ባለ አራት ማርሹ ሲአርኤፍ 110 ይከተላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ መጀመሪያ ነዳጅና ፍሬን፣ ከዚያ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን መጨረሻ ላይ። ቦክሰሩ ላይ ሁሉም በአንድ ቀን ይወርዱበታል። ግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ ግራ እግር ማርሽ፣ ቀኝ እጅ ነዳጅና የፊት ፍሬን፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን። የደነገጠ ልጅ ደግሞ የጨበጠውን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ጥርቅም ሲል ጎማው ተንሸራቶ ከሥሩ ይወጣል።

«እነዚያ የምትላቸው እዚህ የት አሉ?»

ልክ ነህ። ባቲም ሆነ ከሚሴ በብዛት የምታየው የህንዱ ቦክሰርና ቲቪኤስ ነው። እንግዲያው ለልጁ ሳይክል ግዛለት! ሚዛን መጠበቅን፣ ከመታጠፊያ በፊት ማብረድን፣ ዓይንን ከጎማ ሥር አንስቶ ወደ ሩቅ መላክን ሳይክል ያስተምረዋል። ሳይክል ላይ ሁለት ፍሬን መለየት ያልቻለ ልጅ ሞተር ላይ አይለየውም። እግሩ ሲደርስ ሞተሩ ይመጣል።

«ለእኔስ?»

ላንተ ጉልበት አትፈልግ። የግብርና ሠራተኞች ገጠር ለገጠር የሚነዱትን ያማሃ ኤጂ አይተሃል? ለእርሻ ተብሎ የተሠራ ነው። የኤጂ 200ው ሰንሰለት በሽፋን ውስጥ ስለተዘጋ አቧራና ጭቃ አይበላውም፤ ማቆሚያው በግራም በቀኝም ስላለ ተዳፋት ላይ በፈለግኸው በኩል ታስደግፈዋለህ። ጨረታ ላይ አሮጌውን ካገኘህ የፊት ሹካው ዘይት እንዳያፈስ እይ፤ ጎማውን በእጅህ ግራ ቀኝ ነቅንቀህ እንዳይላላ ፈትሽ፤ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻሲ ቁጥር ከሞተሩ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። ካጣህ ከመቶ ሃምሳው ይልቅ መቶውን ቦክሰር ውሰድ። ይቀላል፤ ስትጥለውም ብቻህን ታነሳዋለህ።

«አስፋልት ላይ እንልመድ፣ ለስላሳ ነው።»

አስፋልቱ እኮ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ አልፎ ወደ ሚሌ የሚወርደው ነው! ተሳቢ የጫነ ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ለጀማሪ ብሎ አይቆምም። ሕጉም ቢሆን ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው የሞተር መንጃ ፈቃድ አይሰጥም፤ ልጅህ ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። እስከዚያ ሜዳ ይበቃዋል። ሰብሉ የተነሳለት፣ ባለቤቱ የፈቀደው፣ ከብትና ሕፃን የማይመላለስበት ጠንካራ መሬት ፈልግ። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ግን ለጀማሪ አይሆንም፤ የፊት ጎማውን ይውጠዋል፤ በክረምት ደግሞ ከላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ሳታስበው ይደርስብሃል።

«እንግዲያው ከፊቴ ታንከሩ ላይ አስቀምጬው እነዳለሁ።»

የተጋጨህ ዕለት በመሪውና በደረትህ መካከል የሚጨፈለቀው እሱ ነው። እንዲህ ተቀምጠው የሚሄዱ ሕፃናትን በየመንገዱ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይርዳል።

«አብሽር! ምንም አይሆንም።»

ወንድሜ፣ አብሽር ደግ ቃል ነው፤ ኀዘንተኛ ይጽናናበታል፣ የታመመ ይበረታበታል። ራስ ቅል ግን አይሸፍንም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞተረኛን የመሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለልጁ ያንተን ትልቁን አታጥልቅለት፤ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ የሚዞር ሄልሜት ሲወድቅ ይወልቃል። በልኩ ይሁን፣ ማሰሪያው አገጩ ሥር ይጥበቅ፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ጓንትም ይጨመርለት።

መጀመሪያ አንተ ተማር። ቆመህ መነሳት፣ በዝግታ መዞር፣ ሳትንሸራተት መቆም እስክትችል ልጅህ ዳር ቆሞ ይይህ። ከዚያ እሱ ሲጀምር አንተ በእግርህ ከጎኑ ሩጥ። ለዚህ ሁሉ ያዘጋጀኸው ገንዘብ ሞተሩን ብቻ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ዘንድሮ አትግዛ፤ ሁለቱን ሄልሜት ገዝተህ አስቀምጥና ለከርሞ ተመለስ።