ለደም ሥር የዛፍ ሥር?

የሰፈራችን አዋቂ መጣ፤ ዞር በሉለት! «ኩላሊቱን የታመመ ወንድ አለቀለት፣ አልጋው ለእንቅልፍ ብቻ ነው» ይላል። ማን ነገረህ? የታማሚው ኩላሊት ደም ማጣራት ያቃተው ዘንድሮ ነው፤ አንተ ወሬ ማጣራት ያቃተህ አፍ ከፈታህ ጀምሮ!

«ኩላሊት ከሽንት ሌላ ምን ሥራ አለው?» ይለኛል ደግሞ። ካንተ የበለጠ አለው! እሱ ሲደክም ቆሻሻው ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ ፕሮላክቲን ይጨምራል፣ ደም ያንሳል። ስኳርና ግፊት ካሉበትማ ነርቩና የደም ሥሩ ቀድመው ተጎድተዋል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ካለባቸው 10 ወንዶች 7ቱ ያህል ስንፈተ ወሲብ ያጋጥማቸዋል። 7ቱም ተማክረው ለገሙ? ስንፈት ተባለ እንጂ ስንፍና ማን አለ!

አላፈረም፤ ሚስትየውን ጠርቶ «ሌላ ሴት ይዞብሽ ነው» አላት። ስሙልኝ እንግዲህ! ሰውየው ብር ከተገኘ በሳምንት 3 ቀን፣ በአንድ ጊዜ 4 ሰዓት፣ ክንዱ ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቶ እጥበት ላይ ነው። ሲጨርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ደረጃውን የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ነው። የያዘው እሱን ነው፤ ግድግዳ!

«እንግዲያው ሥር ላምጣለት» አለ። ጉድ ፈላ! የደም ሥሩ ለታመመ ሰው የዛፍ ሥር! ምኑ ከምኑ እንደተቀመመ የማይታወቅ ነገር የቀረውን ኩላሊት ከሥሩ ሊነቅለው ይችላል። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ኩላሊት መትከል ጀመረ፤ አንተ ዛሬም ነቀላ ላይ ነህ!

«ቪያግራስ?» አለ፣ ኪሱን እየዳበሰ። ቪያግራ ብዙዎችን ይረዳል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው በትንሹ ይጀምራል። ለልቡ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይነካውም፤ ግፊቱ ቁልቁል ይወርድና አልጋ ላይ ልውጣ ሲል ቃሬዛ ላይ ይወጣል!

እሱን ተወውና አንተ ታማሚው ስማኝ። ሐኪምህ ፊት ስትቀርብ «ድካም ድካም ይለኛል» ብለህ ብቻ አትውጣ። የደም ማነስ ይታከማል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ራሱ ያደክማል፤ ሐኪሙ ሊቀይርልህ ይችላል፣ አንተ ግን በራስህ አታቋርጠው። ንቅለ ተከላ ካደረጉትም ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ሐኪሙ ካልጠየቀህ አንተ ጠይቀው፤ ሚስትህንም ይዘሃት ግባ።