አብሽር፣ ይይዛል

ቀይ ቡና በሚለቀምበት በጥቅምትና በኅዳር ሰሞን ከጌራ ወደ አጋሮ በሚወርድ ፒክአፕ ጋቢና የተቀመጠ ሰው፣ ሾፌሩን «ፍሬኑ እንዴት ነው?» ብሎ እንዳይጠይቅ እመክራለሁ። መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ «አብሽር፣ ይይዛል።» የት ጋ እንደሚይዝ ግን አይነገርም። አጋሮ ሊሆን ይችላል፤ ጅማም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መሃል ያለው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ችኮላው አይፈረድበትም። የተለቀመ ቀይ እሸት በዚያው ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ለአንድ ቶን የተሠራ ፒክአፕ «ይበቃል» የሚል ሰው እስኪጠፋ ድረስ ይጫናል። ጆንያው ላይ ሰው፣ ሰውየው ጭን ላይ ዶሮ። ዶሮዋ ብቻ ናት ሳትከፍል የምትሄደው፤ ጩኸቷ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

የአጎቴ ልጅ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ አለው። ፔዳሉን ስትረግጠው እንደ በሰለ የጅማ አቮካዶ ነው፤ ገባ ይላል፣ ግን ምንም አይመልስልህም። እሱ ሦስቴ ይረግጣል። አንደኛው ለሰላምታ፣ ሁለተኛው ለማስታወስ፣ ሦስተኛው ለጉዳዩ። ቁልቁለት ላይ ላም ስትገባ ሰላምታውን እንዲዘለው ብዙ ጊዜ ለምኜዋለሁ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። የፍሬን ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እግርህ የገፋውን ሳይቆነጥር ለጎማው ያደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። ቧንቧው ውስጥ ትንሽ አየር ከገባ ጉልበትህ እሱን በመጭመቅ ያልቃል። ደጋግመህ ስትረግጥ ፔዳሉ ከፍ ካለ ወይ አየር አለ፣ ወይ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል። ይህን ያህሉን በአጋሮ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጥ ልጅም ያውቀዋል፤ ማወቅ ሌላ፣ ማሠራት ሌላ።

ጆንያው ላይ የተቀመጡት ሁሉ የየራሳቸው ምርመራ አላቸው። ደላላው «ዘይት ቀንሶ ነው፣ ጨምርበት» ይላል። አንዲት እናት ጥፋቱን በመንገዱ ላይ ያደርጋሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «በቅሎ ፍሬን የላትም፤ ግን ገደል አይታ አትገባም» ብለው ነገሩን ወደ ሾፌሩ አዞሩት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ ከዶሮዋ በቀር።

የእኔን ግምት ልንገራችሁ። ፔዳሉን ያለሰለስነው እኛው ነን፣ ያውም በደግነት።

የድንጋዩን ነገር ውሰዱ። ጋቢናው ወለል ላይ አንድ ታኮ ድንጋይ አለ፤ ከመኪናው ጋር በግዢ የመጣ ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ይሸጉጠዋል። የእጅ ፍሬን «እንዳያልቅ» አይነካም። በብዙ ፒክአፖች የኋላ ታምቡር ውስጥ ግን ሸራው በተበላ መጠን የሚያጠጋው ትንሽ ጥርሳም መሣሪያ አለ፤ እሱን የሚያሠራው የእጅ ፍሬኑ መሳብ ነው። ካልተሳበ ሸራው እየራቀ ይሄዳል፣ ፔዳሉም ወደ ወለሉ ይጠጋል። ለእጅ ፍሬኑ ሳስተን የእግሩን ጨረስነው።

ባሌስትራው ደግሞ ይብሳል። በብዙ ፒክአፖች ከሻንሲው ወደ ኋለኛው አክስል የተዘረጋች ዘንግ አለች። ጭነት ሲበዛ ጀርባው ዝቅ ይላል፤ ዘንጓም ይህን ተመልክታ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትፈቅዳለች። ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች፣ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት። እኛ ደግሞ ቡና እንዲችል ብለን ተጨማሪ ባሌስትራ እንደርባለን። እስከ አፉ ተጭኖም ጀርባው አይጎብጥም። ዘንጓ መኪናው ባዶ ነው ብላ ታምናለች፤ እንደ አንዳንድ ኃላፊ ሪፖርት እንጂ መስክ አታይም።

ከዚያ ፎሌ አለ። ናፍጣ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በፎሌ መልቀቅ እዚህ እንደ ብልህነት ይቆጠራል። ማርሽ ካልያዘው ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል። የፍሬን ፈሳሽ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ የአጋሮን ክረምት የሚያውቅ ምን ያህል እንደሚጠጣ ይገምት። ዶት 3 የሚባለው ዝቅተኛ የመፍያ መለኪያው አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲገባበት 140 ነው። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ያኔ ሦስተኛው ርግጫም ሰላምታ ነው።

ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድም አለ። የናፍጣ ሞተር ፔዳል የሚረግጠውን እግር የሚያግዘውን ቫኩም እንደ ቤንዚኑ በራሱ ስለማይፈጥር ትንሽ የቫኩም ፖምፓ ይገጠምለታል፣ በብዙ አሮጌ ፒክአፖች ከዲናሞው ጀርባ። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓውም ሥራ ያቆማል። ሁለት ሦስት ርግጫ የሚሆን ቀሪ ጉልበት ይኖራል፤ ከዚያ ለስላሳ ነው ብለህ ያማኸው ፔዳል ድንጋይ ይሆንብሃል። ረዳቱ ከጎማ ሥር የሚያወጣው ዓይነት ድንጋይ ግን አይደለም።

ከፍታችንም አያግዘንም። እግርን የሚያግዘው የቫኩም መሣሪያ የሚሠራው የውጭው አየር ሲገፋው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነችው አጋሮ ያ አየር ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ግድም ይሳሳል። አሜሪካኖች በከባድ የናፍጣ ፒክአፖቻቸው ላይ ብዙ ጊዜ ቫኩሙን ትተው የመሪውን ዘይት ግፊት ይጠቀማሉ። እነሱም ፔዳሉ ለሰለሰብን ይላሉ። ልዩነቱ እነሱ ላይ ላም አትገባም፤ ብትገባም ከባለቤቷ ጋር እስከ ማታ አያስታርቁህም።

የአጎቴን ልጅ በመጨረሻ ወደ ጋራዥ የወሰደው እኔ ሳልሆን ሚስቱ ናት። መካኒኩ ፈሳሹን አወጣው፤ ቀለሙ የሁለተኛ ቡና ነበር። አዲስ ሞላ፣ ከሩቁ ጎማ ጀምሮ አየሩን አስወጣ፣ ያችን ዘንግ የያዘውን ቫልቭም አልረሳም። ሸራውን አጠጋ፣ ጎሚኒውን ቀየረ። «የተደረበውን ባሌስትራ ላውርደው?» ሲል ብቻ ጠብ ሊነሳ ነበር።

ስንወጣ ፔዳሉ ከላይ ይዟል። የአጎቴ ልጅ ግን ሦስት ጊዜ መርገጥ ለምዷል፤ ከጋራዡ በር ላይ ሰላምታውን ሲያቀርብ እኔ ከመስተዋቱ ጋር ተዋወቅኩ፣ ረዳቱ ከነታኮው ጋቢናው ጣሪያ ላይ ወጣ።

የአጎቴ ልጅ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተጣራ።

«በአላህ፣ ትንሽ አለስልስልኝ!»

መካኒኩ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ቀና እንኳ አላለም።

«አብሽር፣ እሱን አንተው ትሠራዋለህ።»