የኮቨንትሪ ፉከራ

የእህቴ ልጅ ከአምቦ ልጆች ተለይቶ ዴዝ ሜታል የሚባል ሙዚቃ ያዳምጣል። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት፣ ዘፋኙ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ማይክራፎን ላይ የሚያገሳ መሰለኝ። እንዲህ ያለው ድምፅ እኛ ከተማ ከምሳ በኋላ በየቤቱ በነፃ ይገኛል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተራ ጩኸት አይደለም" ብሎ አስቀምጦ አስተማረኝ። ቡድኑ ቦልት ትሮወር ይባላል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986 ኮቨንትሪ ውስጥ ነው፤ በ1940 የጀርመን ቦምብ ያጋያት የእንግሊዝ ከተማ። ጦርነት ካልሆነ ብዙም አይዘፍኑም ነበር። ድምፃዊያቸው ካርል ዊሌትስ በ1990ዎቹ ጥሏቸው ሄደና የ2001ን አልበም በሌላ ሰው አወጡ። የእህቴ ልጅ ያንን አልበም ሲያነሳ ፊቱ ይቋጠራል። በ2004 ዊሌትስ ተመለሰ፤ በዓመቱ ‹ዞዝ ዋንስ ሎያል› የተባለው አልበም ወጣ፤ የልጁም ፊት ፈታ አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው ለንደን ውስጥ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፈኞች ከቆመው ሐውልት የተወሰደ ቅርፅ ነው።

ይህን ሲያስረዳኝ ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። በወጣትነታቸው በየሰርጉ ጌራርሳ፣ የኦሮሞን ፉከራ፣ ያወርዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

"ማንን ገደልኩ ነው የሚለው?"

"ማንንም አልገደለም፣ አባባ።"

"ታዲያ ምን አስፎከረው?"

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ፉከራ ያለ ሥራ አይወጣም፤ ያልዋለበትን ዋልኩ የሚል ሰው እዚያው ፊት ለፊቱ ይታረማል። በ15 ዓመቱ ጫካ ገብቶ ጣሊያንን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣው የጊንጪው ጃገማ ኬሎ፣ ‹የበጋው መብረቅ›፣ በኋላም ሌተናል ጄኔራል፣ ቢፎክር ማን ይከለክለዋል? ልጁ ግን አልተረታም፤ እነዚህ ለሞቱት ወታደሮች ያዝናሉ እንጂ አይፎክሩም አለ።

"እንግዲያው ለቅሶ ነዋ!" አሉ ሽማግሌው። "ለቅሶ ደግሞ ቃሉ ካልተሰማ ምኑን ለቅሶ ሆነ?"

እኔን የማረከኝ ግን ቦልት ትሮወሮች ከዚያ አልበም በኋላ ያደረጉት ነው። ቀጣዩን አልበም ጀመሩት፤ ካለፈው እንደማይበልጥ ሲያዩ ተዉት። አቤት ጭካኔ! እኛ ዘንድ አንድ ዜማ አሥር ጊዜ ልብስ ቀይሮ ይመጣል። እነሱ መድረክ ላይ ብቻ ቆዩ፤ ከበሮ መቺያቸው ማርቲን ኪርንስ በመስከረም 2015 ሞተ፤ በሙት ዓመቱም ቡድኑ ማብቃቱን ተናገሩ።

የእህቴ ልጅ ይህን እንደ ሃይማኖት ይዞታል። ከጓደኞቹ ጋር ባንድ መሥርቷል።

"መቼ ነው የምንሰማችሁ?" አልኩት።

"ከእነሱ የሚበልጥ እስክንሠራ ድረስ አናወጣም፣ ጋሼ።"

"ጥሩ። ስንት ዘፈን ደረሰላችሁ?"

"ኧረ ገና ነው፤ ጊታርም አልገዛንም።"