ኧረ የእገታ ፊልም ሠሪዎች፣ ስሙን!

ሰለቸን እኮ! ሰሞኑን ደግሞ አንድ ልብ አንጠልጣይ የእገታ ፊልም ወጣ ተባለና እኛ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች ተሰብስበን አየነው። ያው ነው። የባለሀብት ልጅ ትታገታለች፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ጅምር ሕንጻ ውስጥ ወንበር ላይ ያስራታል፤ አባት በስልክ ይጮኻል፤ ሚሊዮኑ በሻንጣ ይመጣል። ከአጋቾቹ አንዱ ደግሞ ይወዳታል። ፖሊስ ሁሉም ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ሙዚቃው ንግግሩን ስለዋጠው ግማሹን በግምት ነው የተከታተልነው።

ሌላ ዘመን ቢሆን መዝናኛ ነው ብለን እናልፈው ነበር። አሁን ግን እገታ ቤታችን ገብቷል። በ2012 ዓ.ም. የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታግተው ወላጅ ሲያለቅስ ከረመ። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ እየወረዱ ተወሰዱ። ጎጃምና ጎንደር ዘመድ ያለን ሰዎች ለለቅሶ እንኳ ለመሄድ መንገዱን ፈርተን እንቀራለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፊልሙ ውስጥ የት ገባ? የታጋች ቤተሰብ ሻንጣ ሙሉ ብር የለውም። በሬ ይሸጣል፣ ይበደራል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለዘመድ አዝማድ እየላከ ይለምናል። ስልኩ ሲጠራ እናት ታንሣው ወይስ አጎት? ድምፅዋ ከተንቀጠቀጠ ዋጋው ይጨምራል ብለው ይጨነቃሉ። ተከፍሎም ልጁ ላይመለስ ይችላል። ከዚህ የበለጠ ምን ልብ የሚያንጠለጥል ነገር አለ? ብዙ ወጪም አይጠይቅም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክና ሥራቸውን የሚያውቁ ተዋንያን ይበቁታል።

አይቻልም አትበሉን። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»ን ሠርቷል። ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅና የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ ታሪክ ነው። ፊልሙ በጠለፋው ላይ አልተንጠላጠለም፤ ልጅቷ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ላይ፣ ችሎቱ ላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ወሰደ። እርግጥ ነሐሴ 2006 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል፣ ባለታሪኳ ባቀረበችው አቤቱታ በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር። የሰው መከራ ባለቤት አለውና ይህንንም ልብ በሉ።

የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት እዚሁ ሰፈራችን ነው። የሚቀጥለውን ድርሰት ከመጻፋችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጠዋት ኑና የወንጀል ችሎት ተከታተሉ፤ ደጁ ላይ የሚጠብቁትን እናቶችም አነጋግሩ።