በገንዘብ የተገዛ ጩኸት

እኛ አገር ማርሚታው የተበሳበት ሰው ያፍር ነበር። ላዳው ገና ከማዞሪያው ሳይደርስ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል፤ ልጆች «መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ባለቤቱ ዓይኑን ከሰው እያሸሸ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤት ይነዳል። የሚጮህ ማርሚታ የሳሳ ኪስ አዋጅ ነበር። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾው ሰፈር ነገሩ ተገለበጠ። ዝም ያለውን ደህና ማርሚታ ፈትቶ፣ ከሺህ ዶላር ያላነሰ ከፍሎ፣ የሚጮኸውን የሚገጥም ትውልድ አሳደግን። ከዚያ ትውልድ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ ያገለገለች ቶዮታ 86 ገዛ። በሯ ሁለት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ የኋላ ወንበሯ ጃኬት እንጂ ሰው የማይችል ናት። እናቱን ከውስጧ ለማውጣት አንድ ሰው እጅ ይስባል፣ ሌላው ነጠላ ይሰበስባል። መኪናይቱ ጎበዝ ናት፤ ሞተሯ የሱባሩ ሥራ ነው፤ ሁለት ሊትር፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ግራና ቀኝ የተጋደሙ። ልጁ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው። «ድምፅ የላትም» አለ። ብዙም ሳይቆይ ከቁመቱ የማያንስ ካርቶን በራችን ላይ ተጋድሞ አገኘነው።

ካርቶኑ ውስጥ መስተዋት የሚመስል የማይዝግ ቱቦ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎኖችና አንድ የመመሪያ ወረቀት ነበሩ። ወረቀቱ ሥራው ለአንድ ሰው የሁለት ሰዓት ነው ይላል። ጸሐፊው ሐበሻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። እኛ ዘንድ መኪና ሥር ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታክሲ ያልነዳ ወይም ፓርኪንግ ያልሠራ ሐበሻ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ መኪና አላውቅም የሚልም የለም። እሑድ ከቅዳሴ የተመለሰው ሁሉ የተነሣች መኪና አይቶ ቆመ። የቆመው አስተያየት ሰጠ። አስተያየት የሰጠው ወንበር ቀረበለት።

የሰብሳቢነቱን ወንበር የያዙት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ናቸው። አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ነድተዋል፤ እዚህ በፕሪየስ መንገደኛ ያመላልሳሉ። የመጀመሪያው ትእዛዛቸው የቀኑ ሁሉ ብልህ ቃል ነበር፤ «ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር አትገባም!» አራት የብረት መደገፊያ መጣ፤ መኪናዋ ተቀመጠችበት፤ ልጁ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የምናውቀው ጫማውን ብቻ ነው።

14 ቁጥር መፍቻ ጠየቀ፣ ተሰጠው። ቡሎኑ አልነቃነቅ አለ። ሎስ አንጀለስ በረዶ ስለሌለ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፤ ብረት እንደ አሜሪካ ምሥራቁ ክፍል በዝገት አያልቅም። ግን ለዓመታት ሲግል ሲቀዘቅዝ የኖረ ቡሎን ከዳዶው ጋር ይጋባል። ጉባኤው በሦስት ተከፈለ፤ በመዶሻ ይመታ የሚል፣ ኮካ ይፍሰስበት የሚል፣ ዘይት ይነፋና ይጠበቅ የሚል። ክርክሩ ሲጦፍ ልጁ ዝም ብሎ ዘይቱን ነፍቶ ሲጠብቅ ነበርና ቡሎኑ «ቋ» ብሎ ተፈታ። ሦስቱም ወገኖች ድሉን የራሳቸው አደረጉ።

ቀጥሎ ማርሚታውን ያንጠለጠሉት ጎሚኒዎች እምቢ አሉ። መታገል፣ ማላብ፣ በእንግሊዝኛ መማረር ሆነ። እህቴ ቡና ይዛ ስትወጣ አየችና «ሳሙና አይቀባም?» አለች፤ የዕቃ ማጠቢያውንም አመጣች። ጎማው ወዲያው ተንሸራተተ። ይህ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ሳይሆን ጭስ ነው። አዲስ ቱቦ ከፋብሪካ የቀረበት ዘይት ሲግል ይቃጠላል፤ ጥቂት ጨሶ ያልቃል። እኛ ግን «ተቃጠለች! ውሃ!» ብለን ወንበር ጥለን ተነሣን። ጭሱ ሲሳሳ ልጁ ቤንዚን ሰጣት።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3000 ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈነዳል። አሮጌው ማርሚታ ይህን ፍንዳታ በየክፍሉና በቀዳዳ ቱቦዎቹ እያዞረ፣ አንዱን የድምፅ ሞገድ ከሌላው እያጋጨ ያጠፋዋል። አዲሱ ብዙም ሳያግድ ቀጥ አድርጎ ይለቀዋል። ጉልበቷ ላይ የጨመረው ነገር በሚዛን የሚወጣ አይደለም፤ ሺህ ዶላሩ የተከፈለው የሚያግደውን ነገር ለመቀነስ ነው። ጉባኤው ግን ፈገግ ብሏል። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል። ሌላው «እስቲ ድገማት» አለ። ያፈሩት ጋሼ ብቻ ናቸው። «ሰው ሲሰማህ ምን ደስ ይልሃል? እኔ እዚህ አገር የኖርኩት ሳልሰማ ነው» አሉ።

ማዶ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን በረንዳቸው ላይ ወጡ። ይቅርታ ልንጠይቅ ተደረደርን። ሴትዮዋ ግን የክሬንሾው ልጅ ናቸው፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የ1964 ኢምፓላ ነበራቸው፤ እሑድ እሑድ መኪናቸውን ዝቅ አስደርገው በሃይድሮሊክ እያስነሱ እያስቀመጡ በዚህ ጎዳና ቀስ ብለው ከሚነዱት ወገን ነበሩ። እንዲህ ያለውን መንሸራሸር ከተሞች እንዳይከለክሉ የካሊፎርኒያ ሕግ የደነገገው እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ነው። መኪናዋን አዳመጡና ልጁን «ይቺ ትጮኻለች ወይስ ታለቅሳለች?» አሉት። ቀኑን ሙሉ የደረሰበት ከባዱ ጉዳት ይኸው ነው።

ሕጉን ልጁ ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለ መኪና የካሊፎርኒያ ወሰን 95 ዴሲቤል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ፖሊስ በጩኸት ከያዘህ «አስተካክለህ ተመለስ» የሚባል ነገር የለም፤ ቅጣቱ ቅጣት ነው። ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም አልነካም፤ የለወጠው ከሱ በኋላ ያለውን ነው።

ካታሊቲኩን የነካ ሌላ ሰው ነው፤ የነካውም የጋሼን።

አንድ ሌሊት ሌባ ፕሪየሷ ሥር ገብቶ መጋዙን አሠርቶ ሄደ። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ያ ዕቃ በወርቅ ቤት ቋንቋ ነው የሚሸጠው፤ ከ2004 እስከ 2009 የተሠሩ ፕሪየሶች ደግሞ የሌባ ምርጫ ናቸው። አዲስ አበባ ስፖኪዮ ላይ ታርጋ እንደሚቀረጸው፣ እዚህም ሰው ካታሊቲኩ ላይ ታርጋ ያስቀርጻል። ጋሼ «አሜሪካ ነው ያለነው» ብለው ሳያስቀርጹ ቀርተዋል።

ፕሪየስ ደግሞ ተንኮለኛ ናት፤ በባትሪ ስትነሣ ድምፅ የላትም። ጋሼ ምንም ሳይጠረጥሩ ከግቢ ወጡ፤ የቤንዚን ሞተሩ ሲነሣ ሲሚንቶ ማደባለቂያ የተከተላቸው መሰላቸው። ለቅሶ መድረስ ነበረባቸውና በዚያው ወደ ፌርፋክስ ነዱ። ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለው፣ ከተማው በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው መንገድ ላይ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ጎረምሳ ሊቆጣ ወደ ደጅ ወጣ። መብራት ላይ መኪናዋ ጸጥ ትላለች፤ አረንጓዴ ሲበራ ታገሳለች። በመጨረሻ ቆመች፤ በሩ ተከፈተ፤ ጋሼ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ወረዱ። ከተሰበሰበው አንዱ በትሕትና ጠየቀ፤ «ጋሼ፣ እርስዎም አስገጠሙ?»

ያው ጩኸት ነው። ልጁ ሲገዛው ጌጥ ሆነ፣ ጋሼን ሲያገኛቸው ነውር። አንዱን የመረጠው ባለቤቱ ነው፤ ሌላው እንደ ዕዳ መጣ። ጸጥታውን መልሶ መግዛት ደግሞ የልጁን ጩኸት እጥፍ የሚያስከፍል ሆነ፤ ካሊፎርኒያ እሷ ያልፈቀደችውን ካታሊቲክ አትቀበልምና።

ጋሼ ዋጋውን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «ያቺ የፈታሃት ማርሚታ የት ናት?» ብለው ልጁን ጠየቁት።

ልጁ በትዕግሥት አስረዳ፤ ይሄ ጭስ ያጸዳል፣ ያ ድምፅ ያፍናል፤ የቱቦው ስፋት አይገናኝም፤ መኪናውም ሌላ ነው፤ አይገጥምም።

የአዲስ አበባውን የመኪና ዕቃ ገበያ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁት ጋሼ አዘኑለት። «ልጄ፣ የማይገጥም ዕቃ የለም፤ መበየድ የማያውቅ ሰው ነው ያለው።»