እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ

የዘመኑ የሕግ ተማሪ ቴክኖሎጂ ተምሮ ነው የሚመረቀው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን ጠይቁት፤ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርድላችኋል። «ልዩነታቸውን አብራራ» ሲባል ሦስት ገጽ በእስክሪብቶ ይሞላል። በእስክሪብቶ ነው ያልኩት፤ ፈተናው ወረቀት ላይ ነዋ!

ጉዱ የሚመጣው የመጀመሪያውን ክስ ለመጻፍ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ነው። አምስት ዓመት የተማረው በእንግሊዝኛ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ። «ከሳሽ» ብሎ ለመጀመር «ሽ» የት ቁልፍ ሥር እንደተደበቀች ሲፈልግ ይርጋ ሊያግደው ይደርሳል። በመጨረሻ ፍላሹን ይዞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወዳለችው ጸሐፊ ይሄዳል።

«ወንድሜ፣ የኪራይ ነው የፍቺ?» ትለዋለች ቀና ሳትል።

«የኪራይ።»

የትናንቱን ባለጉዳይ ክስ ከፍታ ስሙን ትቀይራለች። አለቀ። አንደኛው ገጽ ላይ ውዝፍ ኪራይ የጠየቁት ከሳሽ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ጋብቻችን በፍቺ እንዲፈርስልኝ» ይላሉ፤ ከተከራያቸው ጋር መሆኑ ነው። ከግርጌ ያቺ የማትቀረዋ መስመር አለች፦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ፊርማ።

በኒውዮርክ ጠበቆች ግን እንስቃለን። እ.ኤ.አ. በ2023 አቪያንካ አየር መንገድን ለከሰሰ ደንበኛቸው ሲከራከሩ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ውሳኔዎች ጠቅሰው ከነድርጅታቸው 5,000 ዶላር ተቀጡ። ለነገሩ አንደኛው ጠበቃ ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ማሽኑን ራሱን ጠይቆት ነበር። አዎ አለው።

የኛው ተማሪ ይህን ሰምቶ «አይ ሞኝ!» ይልና፣ የሰበር መዝገብ ቁጥር ፍለጋ ቴሌግራም ይከፍታል። አስገዳጆቹ የሰበር ውሳኔዎች በየቅጹ ተሰንደው፣ በፒዲኤፍ እዚያው ስልኩ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ግን ማን ይገልጣቸዋል?

«እርግጠኛ ነህ በቁጥሩ?»

«አዎ ባክህ፣ እኔም ከግሩፕ ነው ያገኘሁት።»

ለኔ ቢተው ያቺን ጸሐፊ ለሁለት ሳምንት ክፍል አስገባት ነበር፤ መተየቡን ታስተምርልን፣ የትናንቱን ባለጉዳይ ማጥፋት ለሌላ መምህር ይሰጥ። መቼም «ዲግሪዋ የታል?» የሚል ኮሚቴ አይጠፋም። እሷ ደግሞ ለመምጣት መጀመሪያ የምትጠይቀው ሒሳቡ በገጽ መሆን አለመሆኑን ነው።